ማብራሪያ የሚመልሱት ጋሽ መስፍን

ሰው ለሁለት ባዶ ቦታ ብሎ ሥራ ያስቆማል? ጋሽ መስፍን ያስቆሙ ነበር። እዚህ ውጭ አገር፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ባለው ቢሯችን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን ስንሠራ፣ በማዋቀሪያ ፋይሎቹ ውስጥ ከየምርጫው ሥር ለተጠቃሚው የሚጻፈው ማብራሪያ ሁሉ አንድ ወጥ እንዲሆን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ።

አንድ አርብ፣ ሁሉም ጃኬቱን ለብሶ ለመውጣት ሲቁነጠነጥ፣ የጻፍኩትን ማብራሪያ መለሱብኝ። መስመሩ በሁለት ባዶ ቦታ ወደ ውስጥ አልገባም፤ መጨረሻው ላይም ነጥብ የለውም።

«ጋሽ፣ ኮዱ እኮ ይሠራል!»

«ኮዱን ማሽን ያነበዋል። ይህን የሚያነበው ግን ግራ የገባው ሰው ነው። እኛው ደግሞ እናደናግረው?»

እየተነጫነጭኩ አስተካከልኩት።

ዘንድሮ ጡረታ ወጡ። አሁን የምጽፈው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋል። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ባለፈው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊንውድ በሚባለው ቦታ ወዳለው ቤታቸው ኮል አደረግኩላቸው።

«ጋሽ፣ የሚመልስብኝ ሰው አጣሁ» አልኳቸው።

ሳቁና፣ «ለእኔ ላከው፤ እመልስልሃለሁ» አሉኝ።