ጋሽ ኪራኮስ መጨረሻውን ያልተናገሩበት ፊልም

ሦስት ሐበሻ ፊልም ለማየት አንድ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ፣ አንዱ ፊልሙን ቀድሞ ያየው መሆኑ አይቀርም። ያ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ይህን ሥልጣን ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ጋሽ ኪራኮስ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በልጅነታቸው የተማሯትን ፈረንሳይኛ እስከ ዛሬ ያልረሱ ሰው። ተዋናዩ ገና ከበር ሲገባ ጣታቸውን ቀስረው «እሱን አትውደዱት፣ ይሞታል» ይላሉ። አንዴ የሠርግ ቪዲዮ ሲታይ፣ ሙሽሮቹ እዚያው ተቀምጠው፣ «እነዚህ ይፋታሉ» ብለዋል። ተፋቱም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሰው ጠፍቶ፣ ምስጢር ለዚህ አፍ ተሰጠ። የጎረቤታቸው የዓለምዘርፍ ታናሽ ወንድም ንጉሡ አዲስ አበባ ላይ በድንገት አርፏል። መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ፓስተር ባሉበት ነው የሚነገራት። ዘመድ ግን ሥራ ላይ ነው። የአክስቷ ልጅ ስመኝ በጠዋት ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ መጥታ፣ ማንም ደውሎ እንዳያረዳት «አፕዴት ላድርግልሽ» ብላ ስልኳን ወሰደች፤ ስትወጣ ጋሽ ኪራኮስን ኮሪደሩ ላይ ያዘቻቸው።

«ሌላ ሰው አጥቼ ነው ለእርስዎ የነገርኩት። የሥራ ሺፍታችንን ጨርሰን እስክንመጣ ያጫውቷት። በጌታ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጥዎት!»

«እኔ? እኔ መቃብር ነኝ» አሉ። ንጉሡ ዓምና እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ በእሳቸው ትንቢት ሆዱን ይዞ ሲስቅ የከረመ ልጅ ነው።

ይዘው የገቡት አምስት ጊዜ ያዩትን የፈረንሳይ ፊልም ነው። አራት ሌቦች በሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ቀን፣ ሕዝቡ በሞተሮቹ ጩኸት ደንቁሮ ሳለ፣ የትኬት መሸጫውን ካዝና ይሰብራሉ። ጋሽ ኪራኮስ ቁጭ ብለው ተረጎሙ። «ሂድ ይለዋል። እሺ ይለዋል።» ከዚህ ሌላ ትንፍሽ የለም። ቢጫ ሄልሜት ያደረገው ወጣት ሌባ፣ ሞተሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት እህቱ ጋ ደወለ።

«ምን አላት?» አለች የዓለምዘርፍ።

ያላት «ለገና እመጣለሁ» ነበር። ጋሽ ኪራኮስ ግን ቆርጠው ተረጎሙት። «ቻው አላት።»

«ይሄ ልጅ ይሞታል አይደል?»

«እንጃ። እንየዋ።»

የዓለምዘርፍ ከቴሌቪዥኑ ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች። አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ፊልም አይታለች፤ «እንጃ» ብለው አያውቁም። ሪሞቱን አንስታ ፊልሙን አቆመችው።

«ጋሽ ኪራኮስ፣ ማን ሞተብኝ?»

አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃል እምቢ አላቸው። እንባቸው ግን እምቢ አላለም።

«ንጉሡ ነው» አለች ራሷ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ደርቆ የቀረውን፣ እህቱ ጋ የደወለውን ልጅ እያየች።

ስመኝና ፓስተሩ ሌላውን ዘመድ አስከትለው ሲገቡ፣ የዓለምዘርፍ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትንሰቀሰቃለች፤ ሽማግሌው አጠገቧ ተንበርክከዋል።

«አላስቻላቸውም! ብዬ ነበር!» ብላ ጮኸች ስመኝ።

«አንዲት ቃል አልወጣኝም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ያመናቸው ግን የለም። ሴቶቹ ቦታ እንዲለቁላቸው ክንዳቸውን ይዘው ሊያስነሷቸው ሲሉ፣ የዓለምዘርፍ እጃቸውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«ተዉአቸው፣ የትም አይሄዱም» አለች። «እንዳልሰማ ሲደክሙልኝ የዋሉት እሳቸው ናቸው።»