ባሌንና ጥጃውን ያሯሯጥሁበት ክረምት

ሰው ማንም ሳያባርረው፣ እሱም ማንንም ሳያባርር፣ እንዲያው ዝም ብሎ ቢሮጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ይህን ጥያቄ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳገላብጠው ኖሬአለሁ፤ መልሱን ግን እስካሁን አላገኘሁም። የነፍስ አባታችንን ብጠይቃቸው «ሰይጣን ነው የሚያሯሩጠው» አሉኝ። ባሌን ብጠይቀው ስለ ደምና ስለ ልብ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁት። እናንተ ከተማ ያያችሁ እንደሆነ ታውቁት ይሆናል። እኔ የማውቀው ይህንኑ የፎገራን ሜዳ ነው። በዚህ ሜዳ ደግሞ ሰው የሚሮጥበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ከብቱን ውኃ ሲወስድበት፣ ሌባ ሲመጣበት፣ ቤቱ ሲቃጠልበት። ዝናብ ሊደርስበት ሲልም ፈጠን ይላል፤ ያ ግን ሩጫ አይባልም። ልጅ ይሮጣል፤ ልጅ ምን ያድርግ። ጢም ያወጣ ሰው ይራመዳል። ባለ ማዕረግ ከሆነማ ከመራመዱ መቆሙ ይበዛል።

ባሌ ደሳለኝ ጢም አውጥቷል። አዲስ አበባ ነው የሚማረው፤ ሐኪም ለመሆን። እኔ ወረታ ከእናቱ ዘንድ ሆኜ ልጃችንን የሺን አሳድጋለሁ፤ እሱ ክረምት ክረምት ይመጣል። ይህችን የምሞነጫጭራትን ፊደል ያስተማረኝም እሱ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድባችሁ ወቀሳውን ለመምህሬ አድርሱልኝ።

አምና ሲመጣ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ፊቱ ገርጥቷል፤ ልብሱ ከትከሻው ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ለካ ፈተና ላይ ራሱን ስቶ ወድቆ ኖሯል። ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ ምግቡንም እንቅልፉንም ትቶ ሲያነብ፣ ዕለቱ ሲደርስ ያነበበውን ሁሉ ይዞት ዘፍ። አስተማሪው ግን ደግ ሰው ነው፤ «መስከረም ላይ ተመልሰህ ትፈተናለህ። እንደገና ከወደቅህ ግን ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ገላህን ካላሠራኸው መጽሐፉ ይጥልሃል። ክረምቱን እያጠናህ፣ ጧት ጧት ደግሞ ሩጥ» አለው።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ የምሰጋ ሰው ነኝ። የሺ ብታስነጥስ እሰጋለሁ፤ ሳታስነጥስ ብትውልም ምን ሆና ነው ብዬ እሰጋለሁ። ይህን ስሰማ የሆነብኝን እናንተው ገምቱት። ሩጥ አልሁት። ሩጥልኝ፣ ብቻ አትውደቅ።

ሮጠ።

ክረምት ላይ ሜዳው ውኃ ነው፤ ደረቅ የሆነው አውራ ጎዳናው ብቻ ነው። ደሳለኝ ገና ጎሕ ሲቀድ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ሸራ ጫማውን አጥልቆ፣ ጎዳናውን ወደ ሐሙሲት ይዞ ወረደ። ጎረቤታችን አያ ፈንታ በሬዎቹን ሲያወጣ አየው። ባገራችን ደግሞ ሰው ሲሮጥ አይቶ ቆሞ የቀረ ሰው ከሰው አይቆጠርም፤ ነገ እሱ ቢጮህ ማን ይደርስለታል? አያ ፈንታ ዱላውን መዝዞ «ማን ተነካ?» ብሎ ተከተለ። አያ ፈንታን ያዩ ሁለቱ ወንድሞቹ ተከተሉ። እነሱን ያዩ የገበያ መንገደኞች ተከተሉ። ሴቶቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ኡኡታውን አቀለጡት፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከጓሮ ሆኜ አብሬ ጮኼአለሁ። ባሌ ስፖርት ሊሠራ እንደ ወጣ ጨርሶ ረስቼው!

ደሳለኝ ዘወር ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ዱላ የያዘ አገር ሁሉ ከኋላው እየጎረፈ ነው። ምን እንዳደረጋቸው ባያውቅም ቆሞ መጠየቁን አልወደደም፤ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ። እነሱ ደግሞ መፍጠኑን ሲያዩ ነገሩ የከፋ መሆኑን አወቁና ባሰባቸው። በዚህ ዓይነት እየተባረሩ ይሁን እየተከተሉ ሳይለይ ድልድዩ ላይ ደረሱ። እዚያ ትንፋሹ አለቀ።

አያ ፈንታ ደረሰበትና «የት ነው?» አለው።

«ምኑ?»

«የምትሮጥበት ነዋ!»

«ምንም የለም፣ አያ ፈንታ። ለጤናዬ ነው።»

አያ ፈንታ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አይ፣» አለ በሐዘን፤ «ጤናስ የለም።»

ግራና ቀኝ ደግፈው፣ እንደ ሙሽራ አጅበው ለእናቱ አመጡላቸው። አማቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። «እንግዲህ እሜቴ፣» አላቸው አያ ፈንታ፣ «ልጅዎን ይዘንልዎ መጥተናል። ትምህርቱ ራሱን አዙሮታል መሰለኝ። ሳይጸናበት ጠበል ያስገቡት።»

አማቴ እንዝርታቸውን አቆሙ። እሳቸውም አንጀታቸው ቆስሎ ከርሟል። ልጃቸው መጽሐፉን ይዞ የአጥንት ስም በማይታወቅ ቋንቋ ሲያነበንብ ይውላል፤ አንዱን አጥንት ጠርቶ የራሱን ጉልበት ይነካል፣ ሌላውን ጠርቶ ክንዱን ይነካል። ይህን ያየች እናት ምን ትበል?

«ኧረ እማዬ፣ ሩጫ እኮ ለሰውነት ነው» አለ ደሳለኝ። «ያገራችን ሰው አይደል ባሕር ማዶ ተሻግሮ ሮጦ ወርቅ ያመጣው?»

«እሱማ ወርቅ ሊያመጣ ነው የሮጠ፤ ምክንያት አለው» አለ አያ ፈንታ። «አንተ ከድልድዩ ምን አመጣህ?»

ባሌ ጎንበስ ብሎ የሸራ ጫማውን ክር ፈታ።

አማቴ ፈረዱ። ጠበል ለጊዜው ይቆይ፤ ዳግመኛ ያለ ምክንያት የሮጠ እንደሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ጠበል ይገባል። ጠበል የገባ ሰው ደግሞ ሱባኤውን ሳይጨርስ አይወጣም፤ መጽሐፍም ይዞ አይገባም። መስከረም እዚያው ሊጠባበት ነው። እንግዲህ እዩልኝ፤ ባሌ ቢሮጥ ፈተናው ቀረ፣ ባይሮጥ ፈተናው ላይ ይወድቃል። ከዚህ መካከል የምሰጋበትን መምረጥ ስላቃተኝ ለሁለቱም ሰጋሁ።

ጓሮ ሞከርን። ወደ ላይ ቢዘል ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ጎረቤት ገቡ። ቁጭ ብድግ ቢል አንዲት ጎረቤታችን በአጥር አይታ «ኧረ ኮሶ ስጡት!» ብላ ላከችብኝ። ተወው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ማንበብ ብቻ ሆነ። ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጽሐፉ ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ዓይኑ ጭልም አለበትና ምሰሶውን ተደገፈ። እኔን ሲያየኝ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

በማግስቱ ነው እንግዲህ ቡሬ የተፈታው። ቡሬ ማለት ጥጃችን ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሲያዩት የዋህ። እንደምታውቁት ላሟ ከታለበች በኋላ ወደ ግጦሽ ትሄዳለች፣ ጥጃው ቤት ይታሰራል። አምልጦ እናቱ ዘንድ ከደረሰ ጠብቶ ይጨርሳትና የማታው ወተት ቀረ ማለት ነው። የማታው ወተት ደግሞ የየሺ ነው። ያን ዕለት ገመዱ ራሱ ተፈታ፤ እኔ የለሁበትም። ቡሬ ጅራቱን ሰቅሎ ወደ ሜዳው ሲፈተለክ ደሳለኝ ድንገት ከመጽሐፉ ተነሥቶ ተከተለው። ጭቃውን እያንቦጫረቀ፣ ጋቢውን ጥሎ፣ ያንኑ ቁምጣ ለብሶ።

ያው አገር ወጣ። ያው አያ ፈንታ ደጃፉ ላይ ቆመ። «አይዞህ ደሳለኝ! በግራ ዙርበት! በግራ! እንዲያ ነው ወንድ!» ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አማቴ እንኳ ከእንዝርታቸው ቀና ብለው «አባቱን ይመስላል» አሉ። ሰውዬው ያው ሰው፣ እግሩም ያው እግር፣ ቁምጣውም ያው ቁምጣ። ከፊቱ ጥጃ ስላለ ብቻ እብዱ ጎበዝ ሆነ።

እኔ ቡሬን አየሁት። ቡሬም አየኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጥጃ የማሰር ነገር ጠፋብኝ። ከብቶቹ እንደ ወጡ ቋጠሮውን ላላ አደርግና ወደ ወፍጮዬ እመለሳለሁ፤ ጥቂት ቆይቼ «ኧረ ጥጃው!» እላለሁ። ደሳለኝ ይነሣል። መጀመሪያ ላይ ቡሬ ነበር የሚቀድመው፤ ማታ ማለቢያው ደርቆ የሺ ስታለቅስ «የኔ እናት፣ ለአባትሽ ልብ ብለሽ ቻይው» እያልሁ በአጥሚት አታልላታለሁ። ቆይቶ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ነሐሴ ሲጋመስ ማለቢያው ሞላ። ሐኪም ቤት የልብ መስሚያ መሣሪያ አለ ይላሉ፤ እኔ የባሌን ጤና የምለካው በማለቢያ ነበር። ጭቃውን ታጥቦ መጽሐፉ ላይ ሲቀመጥ ቀና እንዳለ ይውላል፤ ማታም ትራሱን ሲነካ እንቅልፍ ይወስደዋል።

አንድ ጊዜ ጉዴ ሊወጣ ነበር። አያ ፈንታ አዘነልንና ዝሆን የሚያስር ገመድ ገምዶ ይዞልኝ መጣ። «እንዲህ እየለፋ እንዴት ያጥና» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልሁ፤ ምን እላለሁ? በሳምንቱ ገመዱ የት ደረሰ ቢለኝ ቡሬ በላው አልሁት። «ጥጃ ገመድ በላ?» አለ። «የዘንድሮ ጥጃ ምን የማይበላው አለ፣ አያ ፈንታ» አልሁና ወደ ሥራዬ ዞርሁ።

ይህን ሁሉ ስናገር እኔስ ስፖርት አልሠራም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ወፍጮውን ጠይቁት፤ እንስራውን ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጳጉሜ ሊገባ ሲል አንድ ጧት የሺ ትኩሳት ያዛት። አቅፌያት ተቀመጥሁ፤ ቡሬን ማን ያስታውሰዋል። ከብቶቹ ወጡ። በኋላ ትዝ ሲለኝ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውጭ አየሁ። አማቴ፣ እኚያ ጎንበስ ማለት ሲመጣ «ወገቤን» የሚሉ አማቴ፣ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ይፈታሉ! ፈትተው ሲያበቁ ጥጃውን ቂጡ ላይ መታ አድርገው «ሂድ የኔ ጌታ» አሉት በሹክሹክታ። ከዚያ ተመልሰው ቁጭ፤ እንዝርታቸውን አንሥተው «ኧረ ጥጃው! ደሳለኝ! ኧረ ጥጃው!»

ባሌ እየበረረ ወጣ። እኔና አማቴ ተያየን።

«ምን ያፈዝሻል?» አሉኝ። «ልጅቷን አልብሻት፤ ብርድ ነው።»

እስከ ዛሬ ስለዚህ ነገር የተነጋገርነው ይህንኑ ብቻ ነው። ለጎረቤት ግን ልጃቸው የዳነው ተኝቶ ሳለ በረጩበት ጠበል መሆኑን እየማሉ ይናገራሉ። ይሁን። እኔም አሜን እላለሁ።

ደሳለኝ በመስከረም ተፈተነ፤ አልወደቀም፤ በሁለቱም በኩል አልወደቀም። ለጓደኞቹ ምን እንዳላቸው በኋላ ነገረኝ፤ «በገጠር ለስፖርት ጊዜ መፈለግ አያሻም፤ ኑሮው ራሱ ስፖርት ነው!» ሳቄ እንዳያመልጠኝ የየሺን ራስ ሳምሁ።

ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትጽፊው ትሉኝ ይሆናል። ሰኔ ገብቷል። ደሳለኝ ሊመጣ ነው፤ ዘንድሮ የሚጠብቀው ፈተና ከአምናው ይብሳል አሉ፤ ፊቱም እንደገና መገርጣቱን አይተውት የመጡ ነግረውኛል። ቡሬ ደግሞ ጥጃ መሆኑ ቀርቷል። ቀንድ አውጥቷል፣ አንገቱ ወፍሯል። ሲፈታ የሚሸሸው እሱ ሳይሆን እኛ ሆነናል። መቼም ሰው በወይፈን ቢባረር አያ ፈንታ እንኳ ምክንያት አለው ይል ነበር፤ ግን ባሌን ለጤናው ብዬ በቀንድ ላስወጋው? ላሟም ዘንድሮ አልወለደችም። ዶሮ ብፈታ ከጓሮ አታልፍም። ባለፈው አማቴ ጥጡን እየፈተሉ፣ እኔን ሳያዩ፣ «ፍየል ብንገዛ ምን ይመስልሻል?» አሉ። ፍየል የሰው ማሳ ገብታ ታጣላናለች ብዬ ሰጋሁ። እሳቸውም ተከዙ።

እንግዲህ እናንተ ብዙ ያያችሁ፣ ከተማም ገጠርም የምታውቁ፣ ምከሩኝ። አደራ፣ «ለሰዉ እውነቱን ንገሪ» እንዳትሉኝ፤ እውነቱንማ ደሳለኝ ድልድዩ ላይ ነግሯቸው ነበር። ይልቅ ቀኑ ሳይደርስብኝ ይህን ብቻ ንገሩኝ፤ ዘንድሮ ምን ልፍታ?