ባላምባራስ ሀብተወልድ ለማር ወደ ሐኪም ጋራ ዘምተው በአህያይቱ በዳለቻ መሪነት የተመለሱበት ታሪክ

ለወፍና ለጉንዳን መንገዳቸውን ያስተማረ፣ ለሰው ግን ጠይቆ እንዲሄድ አፍ የሰጠ አምላክ ስሙ ይክበርና፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በ፲፰፻፺፫ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ ባላምባራስ ሀብተወልድ ከሸዋ መጥተው ሐረር በገቡ በሁለተኛው ክረምት፣ ይኸውም ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ የበኩር ልጃቸውን ተገላግለው በአልጋቸው ላይ በነገሡበት ወራት የሆነውን እንጽፋለን።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ የአራስ ገንፎ ቀርቦላቸው ማሩን በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና ፊታቸውን አዙረው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህ ስኳር የተቀላቀለበት ነው! የሐኪም ጋራ ማር እስኪመጣ ድረስ እህል አልቀምስም!» እንዳሉትም ሳይበሉ አድረው ዋሉ፤ ጡታቸው ነጠፈ፤ ሕፃኑም ቤቱን በለቅሶ ሞላው።

ባላምባራስም ልጃቸው ሲያለቅስ ሰምተው፣ ነጋሪት ስላልነበራቸው የበሩን ሳንቃ በከዘራ እየመቱ አዋጅ ነገሩ፦ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ማሩን እኔ ራሴ አመጣለሁ! ጀንበር ሳትጠልቅ እመለሳለሁ! መንገድ የሚያሳየኝም አያስፈልገኝም!»

የሠራዊታቸውም ዝርዝር ይህ ነው። ከፊት እሳቸው፤ ከበታቻቸው በዚያው ሳምንት ከጨርጨር የተገዛችው በቅሎ፤ ከኋላቸው ጥይት የሌለውን ጠመንጃ የተሸከመው አሽከራቸው ለገሠ፤ ከሁሉም ኋላ ከከተማይቱ በሮች አንዱ በሆነው በቡዳ በር በኩል ከሚኖሩት ሰፌድ ሰፊ፣ ከእመት ሰዐዲያ፣ የተዋሷት አህያ ዳለቻ።

ከሐረር አጠገብ ባለው ተራራ፣ በሐኪም ጋራ፣ ማሩ ያለ ጦርነት ተገኘ፤ በእንስራ ሆኖ በዳለቻ ጀርባ ላይ ተጫነ። ሲመለሱ ግን ከጋራው ራስ ጉም ወርዶ ዓለምን ሁሉ ሸፈናት። ባላምባራስም ጉሙን በከዘራቸው ገፋ ገፋ አድርገው፣ «የሸዋ በር መንገድ ይህ ነው!» ብለው በግርማ ገሠገሡ፤ ገሥግሠውም ከአንድ ዋርካ ሥር ደረሱ። ዳግመኛ ገሠገሡ፤ ያው ዋርካ ሆነ። ሦስተኛም በተገናኙት ጊዜ ለገሠ ለዋርካው እንደ ዘመድ እጅ ነሣው።

ከዚህም በኋላ ባላምባራስ ለበቅሎዋ ልጓሙን ለቀቁላት፤ እርሷም ደስ ብሏት ወደ ምዕራብ ፊቷን አቀናች። ለገሠ ግን ልጓሟን ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ይህች የምትወስደን ወደ ጨርጨር ነው!» ሲል አሳሰበ። እውነት ነበረ፤ የበቅሎዋ ቤት ጨርጨር ነበረና።

በዚያን ጊዜ ጅብ ጮኸ። የሐረር ግንብ የጀጎል በሮች ጀንበር ስትጠልቅ እንደሚዘጉ፣ ከውጭ የቀረም የጅብ እራት እንደሚሆን ባላምባራስ ያውቃሉ፤ ጦም ያደሩት ባለቤታቸውና የሚያለቅሰው ሕፃን ፊታቸው ላይ ድቅን አሉባቸው። ዳለቻ ግን አፍንጫዋን ወደ ላይ አንሥታ፣ አንዱን ጆሮዋን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ጎን አድርጋ ቆየችና በራሷ ፈቃድ መንገድ ጀመረች።

ለገሠም፣ «ጌታዬ፣ እንከተላት!» አለ።

ባላምባራስ፣ «ባላምባራስ አህያ አይከተልም!» ብለው አወጁ።

ጅቡ ቀረብ ብሎ ጮኸ።

ባላምባራስም አዋጁን አሻሻሉት፦ «ባላምባራስ አህያ አይከተልም፤ ከኋላዋ ሆኖ ይጠብቃታል እንጂ!» ይህን ብለው ከበቅሏቸው ወርደው ልጓሟን ለለገሠ ሰጡ፤ የዳለቻንም ጭራ ጨብጠው ይጠብቋት ጀመር።

ይህን የምታነቡ ሕፃናት ሆይ፣ ዳለቻ እንዴት አወቀች ትሉ እንደሆነ፣ ስሙ። በዚያ ጋራ እንጨት ተጭና ስትመላለስ ኖራለችና ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ ልሙጡንና ሻካራውን ድንጋይ ኮቴዋ ያስታውሰዋል። አፍንጫዋ ሰው የማይሸተውን የከተማ ጢስ ከሩቅ ይለያል፤ ጆሮዎቿ ለየብቻ እየዞሩ የሩቁን ድምፅ ይለቅማሉ። ርግብ ፀሐይን አይታ አቅጣጫዋን ታቀናለች፤ ጉንዳን ጓደኛዋ በመሬት ላይ የተወችውን ሽታ ተከትላ ትሄዳለች፤ ንብም የዛፉንና የድንጋዩን ምልክት ይዛ ወደ ቀፎዋ ትመለሳለች። «አውቃለሁ» እያለ የሚጠፋ ሰው ብቻ ነው።

በር ጠባቂው ቡዳ በርን ሊዘጋ ሳንቃውን ሲገፋ፣ ከጉሙ ውስጥ አስቀድሞ ሁለት ጆሮ፣ ቀጥሎ እንስራ፣ ቀጥሎ ጭራ፣ በጭራውም ጫፍ ባላምባራስ ወጡ። እሳቸውም የአህያይቱን ፊት ወደ ሸዋ በር፣ ወደ ገዛ ቤታቸው፣ ሊያዞሩ ታገሉ። እርሷ ግን ጭነቷ ግራና ቀኝ ግንብ በሚፍቅበት ጠባብ መንገድ ጎትታቸው ሄዳ፣ ከእመት ሰዐዲያ ግቢ ገባችና ቆመች። ቤቷ ያ ነበረና።

እመት ሰዐዲያም ወጥተው፣ «አልሐምዱሊላህ! ዳለቻዬ መጣሽ?» አሉ። ወዲያውም ጭራዋን የያዘውን እጅ አይተው፣ «ባላምባራስ፣ እርስዎንም አመጣችዎት?» ብለው ግድግዳ እስኪደገፉ ሳቁ።

ባላምባራስ የዳለቻን ጭራ ለቅቀው፣ «እመት ሰዐዲያ፣ ቤቴ በየት በኩል ነው? ይንገሩኝ» ሲሉ ጠየቁ። ሐረር ከገቡ ጀምሮ መንገድ ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። እመት ሰዐዲያም፣ «አራስ ቤት ለብቻ አይኬድም» ብለው ነጠላቸውን ደርበው መሩ፤ እሳቸው ተከተሉ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ማሩን ቀምሰው፣ «ይህ ነው!» አሉ፤ ገንፎውንም ጨርሰው ሳህኑን ጠረጉ፤ ሕፃኑም ጠግቦ ተኛ። ከዚያም ባላቸውን፣ «በዚህ ጉም ማን መርቶ አገባዎ?» ብለው ጠየቁ። ለገሠ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ባላምባራስ ግን ተነሥተው ቆሙና የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ፦ «ከእንግዲህ በቤቴ ሰውን ‹አህያ› ብሎ የሚሳደብ አይኑር! ይህ ለማንም የማይሰጥ ማዕረግ ነው፤ እኔም ገና አልደረስኩበትም!»

እነሆ ዳለቻ! ጉም ያላሳታት፣ ጅብ ያላስበረገጋት፣ አዋጅ ያላስደነገጣት፤ ጆሮዋ እንደ ሰንደቅ የቆመ፣ ኮቴዋ እንደ ሊቅ ያልዘነጋ፣ ያለ ነጋሪት የዘመተች፣ ያለ ፉከራ ያሸነፈች፤ ገብሷ አይጉደል፣ ዕድሜዋም እንደ ጀጎል ግንብ ይጽና፤ አሜን።