በእንግሊዝኛ የሞተው ልጄ

ሰው ሲናገር አንዱ ቃል ከሌላው ጋር የሚያያዘው በራሱ ጊዜ ይመስለኝ ነበር። አፋችሁን ትከፍታላችሁ፣ ነገሩ ተከታትሎ ይወጣል፣ አለቀ። ሰባ ዓመት አልፎኝ፣ ልጅ ድሬ፣ ባል ቀብሬ፣ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ሳይቀር ተሟግቼ ረትቼ፣ አንድም ቀን «ቆይ እስቲ፣ ማያያዣ ልፈልግ» ብዬ ንግግሬን አቋርጬ አላውቅም። ለካ እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። የእንግሊዝኛ ማያያዣ ለብቻው በኮርስ ይሰጣል። እኛ «የመጣው» «የሄደው» ብለን በአንዲት «የ» የምንገላገለውን እነሱ ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች» እያሉ ይለያሉ። ይህን ስሰማ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያንስ ሰውን ከዕቃ ለይተዋል። የአየር ጤና ወያላ ገና እዚያ አልደረሰም።

ይህን ያወቅሁት ከማህደር ነው። ማህደር የሴት ልጄ ልጅ ናት፣ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሊቀጥር ነው ተባለና፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቤቴል ሄዳ በሳምንት ሦስት ቀን ትማር ጀመር። እዚያ ያለው አስተማሪ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ ላይ ቁርጥራጭ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እነሱ ደግሞ በ«ሁ»ና በ«ቢኮዝ»፣ «ምንም እንኳ» ማለት ነው በሚሉት በ«ኦልዞ»ም እየሰፉ አንድ ያደርጉታል። ጨርቅ ቢሆን እኔም እረዳት ነበር።

ቁርጥራጩ ግን ምን ይመስላችኋል? ሐዘን! ጆን የሚባል ሰው አለ። ጆን መኪና ይነዳል። መንገዱ መጥፎ ነው። ጆን ሞተ። እናቱ አሮጊት ናት። ማንም አልነገራትም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ገጣጥሙ ነው የሚባሉት። ፈረንጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለማገናኘት ሰው መግደል ለምን እንደሚያስፈልገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። «አበባዬ የደረቀው ውኃ ስላላገኘ ነው» ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል?

አስተማሪው ደግሞ ብልህ ነኝ ብሎ፣ «ጆንን ተዉትና የራሳችሁን ቤተ ዘመድ ስም አስገቡበት፣ ቶሎ ይያዛችኋል» አላቸው። ማህደር ቤተ ዘመዷን ስታገላብጥ መኪና የሚነዳ ያገኘችው አንድ ብቻ ነው፣ ጌታሁን። ጌታሁን የእኔ ልጅ፣ የእሷ አጎት፣ ከጂንካ ወዲያ ማዶ መንገድ ሲሠራ ዶዘር የሚነዳው። ጆን ወጣ፣ ጌታሁን ገባ። ጆን ሞቶ ቢቀር እኔ ምን ገዶኝ!

ይህ ሁሉ ያኔ አይታወቀኝም ነበር፤ በኋላ ነው ተዘርዝሮ የተነገረኝ። እኔ የማየው ልጅቱ ከሰዓት በኋላ ጆሮዋ ላይ ሽቦ ሰክታ፣ ስልኳን አፏ ላይ አስጠግታ፣ በአጥሩ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትል ነው። ቁጭ ብላ ማጥናት አይሆንላትም። ድምፅዋን ትቀዳለች፣ መልሳ ትሰማለች፣ ስትሳሳት ግንባሯን ትመታለች፣ እንደገና ትጀምራለች። «አንዳንዴ ዓይኗ እንባ ያቀርራል» ያለችው አስካለ ናት። ምናልባት ሽንኩርት ልጣ ይሆናል።

አስካለን ላስተዋውቃችሁ። በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ፈረንጅ ቤት ሃያ ዓመት ሠርታለች፤ ይህንንም ሳትነግረኝ የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። እንግሊዝኛ ትሰማለች፣ እውነት ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። እዚያ ማዶ ቆማ ልብስ ስታሰጣ ሰማች። «አጎቴ ጌታሁን፣ ዶዘር ይነዳ የነበረው፣ ሞተ፤ መንገዱ መጥፎ ስለነበር። አያቴ እዚሁ ቤት ብትኖርም ማንም አልነገራትም።»

አስካለ አንድም ቃል አልሳተችም። አሁን እናንተ ብትሆኑስ ምን ትላላችሁ? ልጅ ስልክ ይዛ በእንግሊዝኛ ስለ ሞት ታወራለች። ለምን በእንግሊዝኛ? አሮጊቷ እንዳትሰማ ነዋ! በእኛ አገር ክፉ ወሬ ከሽማግሌ የሚደበቀው እንዲህ ነው። እኔስ ስንቱን ከእናቴ በኦሮምኛ ደብቄ የለ? ሞት ሲሰማ ደግሞ ባለቤቱን ማንም አይጠይቅም። ሰው ይሰበሰባል፣ ይመከራል፣ ሲነጋ መርዶ ይነገራል። አስካለ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ደቻሳ ነገረች፣ እሳቸው ለንስሐ አባቴ ነገሩ። እዚህ ላይ ማንም ሕግ አልጣሰም። ሁሉም ሥራውን በሚገባ ሠራ።

ማክሰኞ ዕለት ማህደር ለፈተናው ብላ ሳይነጋ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ወደ አየር ጤና ታክሲ ወረደች። እኔ ግቢ እጠርጋለሁ። በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ከፊት ቄሱ፣ ቀጥሎ አቶ ደቻሳ፣ ከእድሩ ሁለት ሰዎች፣ ከኋላ አስካለ። አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

በጠዋት በርሽ ላይ ቄስና የእድር ዳኛ አብረው ከቆሙ፣ እንዲያው አንቺ ምንም ሳትሰሚ ግማሹ ተነግሮሻል።

«ደህና አደርሽ ዘነበች» አሉ አቶ ደቻሳ።

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ የማልሰማው ነገር የለም። ማን ነው?»

አቶ ደቻሳ ቄሱን አዩ፣ ቄሱ መሬቱን አዩ። አስካለ ናት ያልቻለችው፤ «ጌታሁንዬ!» ብላ ለቀቀችው።

አላለቀስኩም። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ነኝ። አስካለ ከእጄ ልትወስደው ጎተተች፣ እኔም ጎተትኩ። ሁለት አሮጊቶች በአንድ መጥረጊያ ስንጓተት ሰዎቹ ቆመው ያያሉ። ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይፈጫል፣ ጭንቅላቴ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ደውሎ «ሥራ ይዞኝ ነው» ሲለኝ፣ «እንግዲያው ከሥራህ ጋር ኑር፣ ሁለተኛ ድምፅህን እንዳልሰማ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ልጄ ደግሞ ከልጅነቱ ያሉትን የሚሰማ ነው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔስ እደውላለሁ? እኔ ዘነበች? በፍጹም።

«በምን ሞተ?» አልኩ።

«መንገዱ መጥፎ ነበረ አሉ» አለች አስካለ።

«ማን ነው ያለው? ሬሳውስ የት ነው?»

«እሱ እየተጣራ ነው» አሉ አቶ ደቻሳ። «ለልጅቷ ነው የተደወለላት። አንቺ እንዳትደነግጪ ብላ ይዛው ነው የከረመችው።»

መጥረጊያውን የለቀቅሁት ያኔ ነው። አጎቷ ሞቶ፣ እያወቀች፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ «በጸሎትሽ አስቢኝ እማማ» ብላ ስማኝ ወጣች? ከሞቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ይኸኛው ነው። ያሳደግሁት ምን ዓይነት ሰው ነው አልኩ።

ለጌታሁን ተደወለ፤ አይገኝም። ለማህደር ተደወለ፤ ዝግ ነው። አንዱ የእድር ሰው መንገዱን የሚሠራው ድርጅት ቢሮ ውስጥ ዘመድ አለኝ ብሎ እዚያም ደወለ፤ «ከካምፑ በሬዲዮ እንጠይቃለን፣ ጠብቁ» አሉት። ድንኳኑ ግን አይጠብቅም። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ፣ ንፍሮው ተጣደ። ከሳንሱሲ ሳይቀር ሰው መጣ። እኔ መሐል ተቀምጬ የመጣውን ሁሉ አያለሁ። አስካለ የሚያስለቅስ ግጥም ታወጣለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ ስለ ልጄ የማላውቀውን ብዙ ደግነት የዚያን ዕለት ሰማሁ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ማህደር ናት። ከታክሲ ወርዳ ስትመጣ በራችን ላይ ድንኳን አየች። እዚህ ቤት የምንኖረው ሁለት ነን፤ አንዷ እሷ ናት። «እማማዬን!» ብላ መሬት ወደቀች። ደግፈው አስገቧት። ስታየኝ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሸች፤ መልሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አለሽ! አለሽ እማማ! ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«አንቺ ነሽ የምታውቂው» አልኳት፣ እጇን ከአንገቴ እያላቀቅኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ጌታሁን ነዋ!» አለች አስካለ።

ልጅቱ በድንኳኑ ውስጥ ከተለቀሰው ሁሉ የበለጠ ጮኸች። ደረቷን ደቃች፣ ፀጉሯን ነጨች። ያን ጊዜ ነው ውስጤ የሆነ ነገር የተላወሰው። አስቀድሞ የሚያውቁት ሞት እንዲህ አይለቀስም።

«ዝም በሉ!» አልኩ። እንዲህ ስል ለቀስተኛም ዝም ይላል። «ማህደር፣ ሞቱን ማን ነገረሽ?»

«አሁን! እዚሁ! እሷ!»

«ውሸት!» አስካለ ተነሣች። «በአጥር ሥር በስልክ ስትናገሪ አልሰማሁም? በእንግሊዝኛ! አጎቴ ሞተ፣ አያቴ አልሰማችም አላልሽም?»

ማህደር ቦርሳዋን ከፈተች፣ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «የቤት ሥራዬ ነው» አለች። «ማያያዣ ነው የምለማመደው።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አቶ ደቻሳ መነፅራቸውን አድርገው አዩት፤ በማይችሉት ቋንቋ ረጅም ጊዜ አነበቡት። አስካለም አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ግን አስካለ አስካለ ናት፤ «እንግዲህ እኔ የሰማሁትን ነው ያልኩት» አለች።

ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ ሊፈቱ ተነሡ።

«ማንም እንዳይነካው!» አልኩ። «ወረቀቱ ጌታሁን ሞተ ያለ ሰው እንደሌለ ነው የሚናገረው። ጌታሁን አለ ያለኝስ ማነው? ልጄን ጠዋት ቀብራችሁብኛል፣ ድምፁን ሳልሰማ ማንም ከዚህ አይሄድም።»

እንደዚያ ያለ ለቅሶ አይታችሁ አታውቁም። ሴቶቹ ያልቅሱ አያልቅሱ ግራ ገባቸው። ቄሱ ጸሎቱን ጀምረው መሐል ላይ ጨነቃቸው፤ ለሙት ነው ወይስ ለመንገደኛ? ንፍሮው በሰለ፣ የሚቀምሰው ጠፋ። ማህደር እግሬ ሥር ተቀምጣ የጌታሁንን ቁጥር ትደውላለች፣ ትዘጋለች፣ ትደውላለች። ስለ ፈተናው የጠየቃት የለም፣ እሷም አላነሣችው። በየደወሉ መሐል ልጄ ይሞታል፣ ይነሣል፣ ይሞታል። ስንት ጊዜ እንደቀበርኩት ፈጣሪ ይወቀው።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ማህደር ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

«እማዬ? ምን ሆነሽ ነው? በሬዲዮ ጠርተውኝ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው የምደውለው።»

ስልኩን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«እማዬ! የት ነሽ?»

«ድንኳን ውስጥ» አልኩ።

«ማን ሞቶ?»

«አንተ።»

እዚያ ኮረብታ ላይ ነፋስ ሲነፍስ ይሰማኛል። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ፣ የእኔ ልጅ፣ የዚያ የአባቱ ልጅ፣ ቀስ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ሰው መጣ?»

«ሞልቷል» አልኩት።

«አቶ ደቻሳም?»

«አጠገቤ ናቸው።»

«ማን ቀረ?»

ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው» አልኩት።

ቅዳሜ ዕለት ገባ። ያለቀሱለት ሁሉ እየመጡ ጨበጡት፣ እሱም አንድ በአንድ አመሰገነ፤ በቁሙ ላለቀሱለት ሰዎች ምን እንደሚባል የሚያውቅ ስላልነበረ «አያድርስባችሁ» አላቸው። አስካለ ግን እስካሁን አልጨበጠችውም። ያን ሁሉ ግጥም አውጥታለት፣ ያን ያህል አንብታለት፣ እሱ ጥርሱን እየፋቀ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ስታየው ፊቷን ታዞራለች። ሰው በመሞቱ ሲቀየሙት አይቻለሁ፤ በመኖሩ የተቀየመች ያየሁት እሷን ብቻ ነው።