መብራት ላይ ሲሰካ የሚቆመው ፈረስ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰፈር አልሆነም ማለት ነው። ወፍጮ ቤቱም እድሩም ቀስ ብለው ይደርሳሉ፤ ቀድሞ የሚገኘው ጆሮው ላይ ቴስተር የሰካ፣ እጆቹን ወደ ኋላ ያጣመረ፣ ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ለግድግዳው ሶኬት ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ነው።

ሽማግሌዎች ዛሬም ቆሰበር እያሉ በሚጠሯት በእንጅባራ፣ ከመምህር መሳፍንት አጥር ማዶ የሚኖረው እንዲህ ያለው ሰው ክቡር ኢንጂነር ይሄይስ ይባላል። ኢንጂነርነቱን የሰጠው ሰፈሩ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ጫግኒ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የወፍጮ ሞተር ሲያስነሳ ኖረና ቆላው ሲሰለቸው ወደ ደጋው ወጣ። ከመጣ ወዲህ በሰፈሩ ያለ ዕቃ፣ ሽቦ ይኑረው አይኑረው፣ ያለ እሱ ፈቃድ አይበላሽም፤ ያለ እሱ ፈቃድም አይድንም።

መሳፍንት ደግሞ የፊዚክስ ዲግሪ አለው። ዲግሪው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይሄይስ በመጣ ቁጥር ከዲግሪው ስር ያለውን ሶኬት ጎንበስ ብሎ ይመረምራል እንጂ አንድ ቀን ቀና ብሎ ዲግሪውን አላየም። መሳፍንት ይህን በልቡ ይዟል።

የክቡርነታቸው መፈክር «መጀመሪያ እንረጋጋ» የምትል ናት። ፍሪጅ ሲጮህ፣ ዲሽ ምስሉን ሲጥል፣ የእንግዳው ባጃጅ አልነሳ ሲል፣ «መጀመሪያ እንረጋጋ» ይላል፤ ሰውም ዕቃውም ይረጋጋል። ጎረቤቲቱን ስሜነሽን ምጥ የያዛት ቀን እንኳ አምቡላንሱ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆሞ ይህንኑ ሲል ተሰምቷል። ሕፃኑም ተረጋግቶ ሆስፒታል ደርሶ ተወለደ። ዛሬ ስሙ ይረጋል ነው።

መሳፍንትን የሚቆጠቁጠው ግን ሰፈሩ አልነበረም። ሚስቱ ዘውድነሽ ነበረች።

በተጋቡ በመጀመሪያው ክረምት የዘውድነሽ ሬዲዮ ድምፅ አጥቶ መሳፍንት በቢላዋ ጫፍ ፈታትቶ ሠራው። ሬዲዮው ድንገት መናገር ሲጀምር እሷ ያየችው ሬዲዮውን አልነበረም፤ እሱን ነበር። ያን አስተያየት ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላም ያስታውሰዋል፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንደነበር እንኳ አልረሳም። ታዲያ ባለፈው ዓመት ይሄይስ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን በአንዲት ምስማር ሲያድነው፣ ያው አስተያየት በሳሎኑ መሀል አልፎ ወደ ይሄይስ ሲሄድ አየ። መሳፍንት የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም፤ ሆዴን አሞኛል አለ። ይሄይስም ዝንጅብል አዘዘለት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። የዘውድነሽ አባት አያ አዝመራው፣ የዘንገናው ገበሬና ፈረሰኛ፣ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከማረፋቸው በፊት በነበረው የጥር የፈረሰኞች በዓል ላይ ዳማ ፈረሳቸውን ሲጋልቡ የተቀረጸ አርባ ደቂቃ ቪዲዮ አለ። የመሳፍንትና የዘውድነሽ ልጅ ሶስና ከባሕር ዳር የድሮ ላፕቶፗን ለእናቷ ስትልክ ቪዲዮውን እዚያው ላይ ጭናው ነበር። በሙት ዓመቱ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሊያየው ተነጋገሩ። ከሁሉ በላይ የምትጠበቀው የአያ አዝመራው እህት እንቁ ነበረች። በዚያ በዓል ቀን ታማ ተኝታ ስለነበር የወንድሟን የመጨረሻ ግልቢያ አላየችም፤ በስልክ ቢያሳዩዋት ደግሞ ዓይኗ አልለይ አላት። ቴሌቪዥኑን ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጥሎታል። ያለው ላፕቶፑ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ደግሞ ጉድ ነበረበት። በባትሪ ሲከፈት ዳማው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ባትሪው አርጅቶ ስለነበር ግን በሩብ ሰዓት ድርግም ይላል። መብራት ላይ ሲሰካ አይጠፋም፤ ጥቂት እንደሄደ ግን ዳማው አንድ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ይቀራል። እልልታው ይቀጥላል፣ አቧራው ይቆማል። ከዚያ ፈረሱ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ እንደገና ይቆማል። አያ አዝመራው በሕይወት ሳሉ በፈረሳቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

መሳፍንት መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ዘውድነሽ፣ «ጋሼ ይሄይስን ልጥራቸው?» አለች።

«መነጽሬን ላድርጋ።»

«አንተ መነጽርህን እስክታደርግ እሳቸው ሠርተው ይሄዳሉ» አለችና ወጣች። ክፉ ብላ አልነበረም፤ እውነቷን ነበር። መሳፍንትን የቆረጠውም ይኸው ነው።

ክቡርነታቸው መጡ። ሶኬቱን ሰላም አሉት። ላፕቶፑን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ላፕቶፑ የፈረስ ግላስ ለብሶ ነበር፤ ይህ መነገር አለበት። በየቤቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዳንቴል ይለብሳል፤ ዘውድነሽ ግን የፈረሰኛ ልጅ ናትና፣ ፈረስ ለበዓል ሲወጣ እንደሚለብሰው ግላስ አድርጋ በኪሮሽ ሠራችለት። በቀይ ከፋይ ገበረችው፤ ዳርና ዳሩን ዘርፍ አደረገችለት፤ ከክዳኑ ላይ ዳማውን ከነጋላቢው በነጭ ክር አወጣችው። ከቀብሩ ማግስት ጀምራ፣ እጇ ሥራ ሲፈታ እንባዋ ስለሚመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራችው እሱን ነው። ላፕቶፑ ከፊደሎቹና ከመስኮቱ በቀር ከሆዱ እስከ ጎኑ በከፋይ ተሸፍኖ ነበር።

ይሄይስ የግላሱን ጠርዝ ገለጥ አደረገ፤ እጁን ከስሩ ሰደደ፤ ትንሽ ቆየ። ዘውድነሽን አያት። «መጀመሪያ እንረጋጋ» አለ። «ይሄ ከመብራቱ ነው።»

ያቺን ዝምታ መሳፍንት በደስታ መዘገባት። አላወቀም አለ በልቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሰፈር ታሪክ ነው። ይሄይስ መጀመሪያ የመንገድ ማዶውን ወፍጮ ከሰሰ፤ ወፍጮው ተለምኖ ግማሽ ቀን ቆመ፤ ዳማውም ቆመ። ማከፋፈያው ተለወጠ። ከዳንግላ ሌላ ቻርጀር በሚኒባስ ተላከ። ቀጥሎ ቤቱ ትርፍ መብራት ወደ መሬት የሚያወርድ ኧርዝ የለውም ተባለና አንድ ሜትር ብረት ከጓሮ ከጨውና ከከሰል ጋር ተቀበረ።

«ጧት ጧት አንድ ጆግ ውሃ ታጠጣዋለህ» አለው ይሄይስ መሳፍንትን።

«በዚህ ዝናብ?»

«የሰማዩ ሌላ ነው። ይሄ የሚጠጣው በሰው እጅ ነው።»

በእንጅባራ ጭጋግ ውስጥ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀበረ ብረት ውሃ የሚያጠጣ የፊዚክስ መምህር ያዩ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ለሳምንት ያህል በጣም ጸጥ ብለው ነበር። አንዷ ብቻ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ብረቱ በቀለ?» አለችው።

መሳፍንት ውሃውን ያጠጣው ስላመነ አይደለም። ብረቱ ሲከሽፍ ዘውድነሽ እንድታይ ነው።

ቅዳሜ፣ በሙት ዓመቱ ዋዜማ፣ ዘውድነሽ ቤቱን ለእንግዳ ስታሰናዳ ግላሱን አውልቃ አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣችው። መሳፍንት ራቁቱን የቀረውን ላፕቶፕ መብራት ላይ ሰክቶ ቪዲዮውን ከፈተ። ዳማው ተነሳ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣ ሃያ፤ አልቆመም። አያ አዝመራው ዘንጋቸውን እያወዛወዙ ሜዳውን ዞሩት፤ አርባው ደቂቃ አለቀ። ወደ ማታ እሷ የደረቀውን ግላስ መልሳ አልብሳ ወደ ጓዳ ስትገባ እንደገና ከፈተው። በስምንተኛው ደቂቃ ፈረሱ እግሩን አንስቶ ቀረ። መሳፍንት እጁን ከከፋዩ ስር ሰደደ፤ እንደ ካውያ ይፋጃል።

ሃያ አራት ዓመት ያስተማረው ትምህርት ነበር። ማሽኑ በባትሪ ሲሠራ ጉልበቱን ይቆጥባልና አይሞቅም። መብራት ሲያገኝ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል፤ ይሞቃል፤ የሚተነፍስበት ቀዳዳ በከፋይ ከታፈነ ራሱን ለማብረድ ይጎተታል። በቃ። ወፍጮም ኧርዝም የለበትም።

ወዲያው ለሚስቱ ሊነግራት አፉን ከፈተና ዘጋው። ለምን አሁን? ነገ ቤቱ ይሞላል። ፈረሱ በዘመድ ሁሉ ፊት ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ወደ ይሄይስ ይዞራል፤ ይሄይስ ስለ ብረቱ ያወራል። ያኔ እሱ ይነሳል፤ ግላሱን በአንድ እጁ ሞሽልቆ ያነሳል፤ «ችግሩ ይሄ ነበር» ይላል። እሁድ ቅዳሴ ላይ ቆሞ እንኳ ዓረፍተ ነገሯን ሲያሳምራት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። እንቁ ከዘንገና ከዘመዶቿ ጋር ደርሳ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማለች። ላፕቶፑ ተከፈተ። ዳማው ብቅ ሲል አሮጊቷ በአገውኛ አንድ ነገር ብላ ወደ ፊት ጎነበሰች። በስምንተኛው ደቂቃ ፈረሱ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለች እንቁ። «ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም አክስቴ፣ ዕቃው ነው» አለች ዘውድነሽ። ሰዉ ሁሉ ወደ ይሄይስ ዞረ።

መሳፍንት ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ወደ ግላሱ ዘረጋ፤ ያኔ የዘውድነሽን እጆች አየ። ፈረሱ በቆመ ቁጥር እጆቿ ግላሱ ላይ ያለውን ነጩን ፈረስ ሳታውቀው ይዳብሱ ነበር። ያሰማመራት ዓረፍተ ነገር አንደበቱ ላይ ደረሰች፤ «የአባትሽን ፈረስ የያዘው ያንቺ ፈረስ ነው» የምትል መሆኗ ገና አሁን ገባው። ግን «ችግሩ…» ብሎ ጀምሮ ነበር።

«መጀመሪያ እንረጋጋ» አለ ይሄይስ ከበሩ በኩል።

ሰዉን እየገፋ መጣ። ላፕቶፑን አልነካም። ግድግዳው ላይ ያለውን የአያ አዝመራውን ፎቶ አንጋጦ አየ። «ዘውድነሽ፣ ይቅርታ አርጊልኝና፣ እዚህ ቤት አንድ ነገር ቦታውን ስቷል። ፈረሰኛው ያለው እዚያ ላይ ነው። ግላሱ ከፈረሰኛው ርቆ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል? ዘመድ ሁሉ መጥቶ የእጅሽን ሥራ ሳያየው ሊሄድ ነው?»

«እውነት ነው» አሉ ከኋላ። «እስቲ እንየው።»

ይሄይስ ግላሱን እንደ ታቦት መጎናጸፊያ በሁለት እጁ ገፎ አነሳው። ከኪሱ መዶሻና ሁለት ምስማር አወጣ፤ ለዚህ ቀን አዘጋጅቷቸው እንደነበር ግልጽ ነው። ከፎቶው ስር ዘርግቶ ሰቀለው። እንቁ ተነስታ ነጩን ፈረስ በጣቷ ተከተለችው፤ የዘውድነሽን ጭንቅላት ስባ ሳመች። በዚህ መሀል ይሄይስ ሆዱ እንዲተነፍስ ከላፕቶፑ ስር አራት የቢራ ቆርኪ ሲያስገባ ያየው መሳፍንት ብቻ ነበር።

«ብረቱን ዛሬ አጠጣኸው?» አለ ይሄይስ ጮክ ብሎ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። መሳፍንት ዓይኑን ከቆርኪዎቹ አነሳ።

«አጠጥቻለሁ።»

«በሉ እንግዲህ ከመጀመሪያው።»

ዳማው ሮጠ። አርባውን ደቂቃ አንድም ጊዜ አልቆመም። እንቁ አንድ ጊዜ ወደ ላፕቶፑ መስኮት ጣቷን ቀስራ በአገውኛ ስትቆጣ ዘውድነሽ ሳቀችም አለቀሰችም። ምን አለች ሲሏት፣ «ፈረሱን ነው። ቀስ በል፣ የተሸከምኸው ሽማግሌ ነው አለችው» አለች።

እንግዳው ሲሸኝ መሳፍንት ይሄይስን አጥሩ ስር አገኘው።

«ታውቅ ነበር።»

«እጄን ከስሩ ስሰድ ነዋ።»

«ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ?»

«የት እንደምሰቅለው ሳስብ ነበር። የዓመት ኀዘን ነው፤ ዝም ብሎ አውልቂው ይባላል?»

«ለእኔ አትነግረኝም?»

«ላንተ?» ይሄይስ ቴስተሩን ከጆሮው አንስቶ በሌላኛው ሰካው። «አትቀየመኝ መምህር፣ የተማረ ሰው ያወቀውን ማሳደር አይችልም።»

መሳፍንት ከቅዳሜ ጀምሮ ማሳደሩን አልነገረውም። ለምን እንዳሳደረው ያውቃልና። «ብረቱንስ ለምን አስቀበርኸኝ?» አለ ብቻ።

«ብረቱማ ያስፈልግ ነበር። ቤትህ ኧርዝ አልነበረውም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው» አለ ይሄይስ፣ «አንተን ለማረጋጋት ነው።»

መሳፍንት ቅናቱ የለቀቀው እንዳይመስላችሁ። ባሰበት። በፊት የሚቀናው በአንዲት ምስማርና በአንድ አስተያየት ነበር፤ አሁን የሚቀናው ዲግሪ በማይሰጥበት ነገር ነው።

በሳምንቱ ዘውድነሽ አሮጌዋን ሬዲዮ ይዛ መጣች። «ባትሪ ድንጋይ ለውጬላት ጭራሽ ዝም አለች። እስቲ እያት።» መሳፍንት መነጽሩን አድርጎ ጀርባዋን ከፈተ። አንዱን ባትሪ ዘውድነሽ ገልብጣ ከትታዋለች። አየው፤ ክዳኑን መልሶ ዘጋው። ወደ አጥሩ ሄደ።

«ኢንጂነር፣ ብቅ በልልን እስቲ።»

ይሄይስ መጣ። ሶኬቱን ሰላም አለው። የሬዲዮዋን ክዳን ከፈተ፤ ባትሪውን አየ፤ ዘውድነሽን አየ፤ ከዚያ መሳፍንትን ረዘም አድርጎ አየው። ክዳኑን ዘጋው።

«መጀመሪያ እንረጋጋ» አለ። «ይሄ ከሬዲዮ ጣቢያው ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ መሳፍንት፤ ዘውድነሽም ለጋሼ ይሄይስ ወንበር ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።