የሸበተው ተማሪ ወላጅ

[የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ የምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ። የማታው ትምህርት ከታጠፈ ወዲህ ጎልማሶቹ በቀን መማር ጀምረዋል። ፂሙ የሸበተ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ዩኒፎርሙ ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎት፣ በር ላይ ቆሟል። ሥራው አናጢነት ነው።]

ምክትል፦ ወላጅ ሳትይዝ አትገባም አልኩ፣ አትገባም!

አናጢ፦ መምህር፣ እኔ የመጣሁት...

ምክትል፦ ዝም በል! ተማሪ ሲጠየቅ ነው የሚናገረው። ተደውሎ ክፍል ውስጥ ያልተገኘ ወላጁን ያመጣል። አለቀ።

አናጢ፦ ወላጅ ከሆነማ እኔም አራት ወልጃለሁ።

ምክትል፦ የወለድከውን ማን ጠየቀህ? የወለደህን!

አናጢ፦ እነሱማ አፈር ከለበሱ ቆዩ። እነሱ ጋ ከሄድኩ ደግሞ ለፈተናው አልደርስም።

ምክትል፦ ትቀልዳለህ?

አናጢ፦ ኧረ አልቀልድም። ዛሬ ካልተፈተንን ዓመቱን ልንደግም ነው። በእኔ ዕድሜ ደግሞ ዓመት አይደገምም። ፈተናውም እስካሁን...

ምክትል፦ አንተን የሚጠብቅ መሰለህ?

አናጢ፦ እኔንማ አይደለም።

ምክትል፦ [በመስኮት እያየ] ድሮ ደወል ሲደወል ይህ ግቢ በሩጫ ይናወጥ ነበር። እናንተ ጉልበታችሁን ይዛችሁ፣ «እህህ» ብላችሁ ነው የምትነሱት! በእረፍት ሰዓት ኳስ የሚያባርር ጠፍቶ ስለ ደም ግፊት ይወራል!

አናጢ፦ ልጆቹን እኮ የቤት ኪራይ ነው ከተማ ዳር የወሰዳቸው። ባዶውን ወንበር እኛ ሞላነው።

ምክትል፦ ሰበራችሁት እንጂ!

አናጢ፦ የጠገንኩትም እኔው ነኝ።

ምክትል፦ ወላጅ ከሌለህ አሳዳጊ አምጣ!

አናጢ፦ እሺ። [ይወጣል። ኮፍያ አድርጎ፣ አንኳኩቶ ይገባል] ጤና ይስጥልኝ መምህር። የዚያ ተማሪ አሳዳጊ ነኝ። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔው ነኝ።

ምክትል፦ [ልማድ ሆኖበት ብድግ ይላል] ጤና ይስጥልኝ! ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።

አናጢ፦ በእግዜር፣ ይቀመጡ።

ምክትል፦ ልጁ አስቸግሮናል። ጭንቅላቱ ድንጋይ ነው።

አናጢ፦ ቤትም እንደዚያው ነው። ሚስቱን ቢጠይቋት ጉድ ታወራልዎታለች።

ምክትል፦ እርስዎን የመሰለ ጨዋ ሰው አሳድጎት፣ በማን ወጣ?

አናጢ፦ ጓደኛ ይሆናል ያበላሸው።

ምክትል፦ ታዲያ አይቆነጥጡትም?

አናጢ፦ [የራሱን ጭን ይቆነጥጣል] ኡፍ!

ምክትል፦ እሰይ! ወላጅ ማለት እንዲህ ነው። በቃ፣ ምሬዋለሁ፤ ይላኩትና ፈተናው ሳያመልጠው ይግባ።

አናጢ፦ አያመልጠውም። አልተጀመረም።

ምክትል፦ ምን? የትኛው ፈታኝ ነው እስካሁን ያልገባው? ይንገሩኝ፣ እሱን አልምረውም!

አናጢ፦ ይቅርብዎ መምህር፣ ትልቅ ሰው ነው።

ምክትል፦ ትልቅ ትንሽ አላውቅም! ማነው?

አናጢ፦ እርስዎ ነዎት።

[ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል]

ምክትል፦ እኔ?

አናጢ፦ የዘጠነኛ ክፍል ፈታኝ እርስዎ ነዎት። የታሸገው ወረቀት ይኸው ክርንዎ ሥር ነው። ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶውን ይዞ ቁጭ ብሏል። እኔ የክፍል አለቃ ነኝ፤ «ሂድና ጥራቸው» ተብዬ ነው የመጣሁት።

ምክትል፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ስትቀባጥር ለምን አልነገርከኝም?

አናጢ፦ ተማሪ ስሆን ዝም በል አሉኝ። አሳዳጊ ስሆን ስለ ልጁ ብቻ ጠየቁኝ።

ምክትል፦ [ወረቀቱን ታቅፎ፣ መነጽሩን ረስቶ ይሮጣል] ዞር በል! ዞር በሉ! ዞር... ይበሉ!

አናጢ፦ [በሩን ወለል አድርጎ እየከፈተለት] ለዛሬ ይግቡ መምህር። ነገ ግን ወላጅ ይዘው ይምጡ።