የአንደኛው ሳጥን ጥናት

ለዕውቀት ሲሉ የደከሙ ታላላቅ ሰዎች ሲወሱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ክበባችን ሊቀ መንበር የሚስተር ክላረንስ ሃርግሪቭስ ስም አለመነሣቱ ያንገበግበኛል። እኔ የክበቡ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው በእጄ ነው፤ ሌላ ምስክር አያሻኝም።

ክበባችን ፔጊ የምትባል የእሽቅድምድም ውሻ አለችው። ሁልጊዜ ከስድስተኛው ሳጥን፣ ማለትም ከውስጠኛው አጥር እጅግ ከራቀው መነሻ ትለቀቅና የሜዳውን የውጭ ዳር ይዛ ትሮጣለች። በዚህ ዓመት አራት ጊዜ አሸንፋለች። ይህ ድል ሊቀ መንበራችንን እንቅልፍ ነሣቸው።

"እስቲ አስቡት፣" አሉ ስብሰባ ላይ፣ "በረጅሙ መንገድ ዞራ አራት ጊዜ ያሸነፈች ውሻ፣ በአጭሩ ብትሄድ ስንት ጊዜ ልታሸንፍ ነው?"

ወዲያው የመነሻ ቦታ አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ በክበቡ ቢራ እየታገዘ፣ መቶ ውድድሮችን መረመረ። ከየትኛውም ሳጥን ይልቅ ብዙ አሸናፊ ያፈራው አጥሩ ሥር ያለው አንደኛው ሳጥን ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ፔጊ ከአንደኛው እንድትነሣ፣ የክበቡ አዛውንቶችም ለብሪድሊንግተን የባሕር ዳርቻ ጉዞ በየሳምንቱ ሥጋ በዕጣ እያወጡ ያጠራቀሙት ስድስት መቶ ፓውንድ በሙሉ በውርርድ በእሷ ላይ እንዲያዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የሰማንያ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ኤግነስ ብቻ፣ "ኧረ ባሕሩን ሳላየው እንዳትገድሉኝ!" አሉ። ለጉዞው አዲስ ኮፍያ ገዝተው ነበር።

ቢራ የምትቀዳልን ሞሪን በስብሰባ ድምፅ የመስጠት መብት የላትም። ፔጊን ጠዋት ጠዋት የምታንሸራሽራት ግን እሷ ናት።

"ሊቀ መንበር፣ ከአንድ ተነሥተው የሚያሸንፉት እኮ አጥር የሚወዱት ናቸው፤ ስለሚወዱት ነው እዚያ የሚመደቡት። ፔጊ አጥር አትወድም። መንገድ ላይ እንኳ ከግድግዳው ሸሽታ ነው የምትሄደው።"

"ሞሪን፣ ጥናቱን አንብበሻል?"

"ውሻዋን አውቃታለሁ።"

"ይኸው! አላነበበችም!"

"እሺ የኔ ጌታ። ብቻ ከአንድ ከለቀቃችኋት ወደ ውጭ ለመውጣት መሃል ያሉትን ሁሉ ነው የምትጠርጋቸው። ከእሷ የሚተርፈው ከስድስት የሚነሣው ብቻ ነው።"

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። "አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ነው ብለህ መዝግብ።" መዘገብኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሜዳው ኃላፊ "እርግጠኛ ናችሁ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀን። በማኅተም አረጋገጥንለት። ውሾቹ የሚያሳድዱት ሰው ሠራሽ ጥንቸል እየተንሿሿ አለፈ፤ ሳጥኖቹ ተከፈቱ። ለሁለት ሰከንድ ያህል ጥናቱ ፍጹም ትክክል ነበር። ከዚያ ፔጊ የለመደችው ዳር ትዝ አላትና መሻገር ጀመረች። ሁለተኛውን በትከሻዋ ገፋችው፤ ሦስተኛው ደንግጦ ቆመ፤ አራተኛውና አምስተኛው ተላትመው ተንከባለሉ። ከስድስት የተነሣው ውሻ ሽርሽር የወጣ ይመስል ብቻውን ገባ። ፔጊ ጭራዋን እየቆላች አራተኛ ወጣች።

ወይዘሮ ኤግነስ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አፈርኩ። ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

በማግሥቱ የተጠራው አስቸኳይ ስብሰባ ጉዳዩን በሰፊው ከመረመረ በኋላ ጥናቱ እንከን የለሽ መሆኑን፣ ጥፋቱም የውሳኔውን መንፈስ ያልተረዳችው የውሻዋ መሆኑን አረጋገጠ። ሚስተር ሃርግሪቭስም ስላሳዩት ቆራጥ አመራር ለሦስት ዓመት በድጋሚ ተመረጡ።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ አውቶቡስ ክበቡ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ለካ ሞሪን የሳምንት ደሞዟን በሙሉ ስድስተኛው ላይ አስይዛ ኖሯል፤ አውቶቡሱን የተከራየችው ባሸነፈችው ገንዘብ ነው! አዛውንቶቹ አንድ በአንድ ተሳፈሩ። ወይዘሮ ኤግነስ በአዲስ ኮፍያቸው መስኮት ዳር ተሰየሙ፤ ፔጊም ገብታ እግራቸው ሥር ተኛች። ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ሞሪን፣ ለአመራሩ ቦታ ይኖር ይሆን?"

"አንድ ቀርቷል። አውቶቡሱ ኋላ፣ የሽንት ቤቱ በር ሥር።"

"እዚያ?!"

"ምነው የኔ ጌታ? ከሁሉም አጭሩ መንገድ የእርስዎ ነው።"

ሄደው ተቀመጡ።